የመምህር ልየው ዘይትና የእኔ ፊርማ

ከጎጃም ስመለስ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ግሽ ዓባይን አየሽ?» አላየሁም። ስድስት ቀን ሙሉ በዚያ አገር ስዞር ያየሁት የገደል ሥር ጥቁር ድንጋይና የገንቦ አፍ ነው። ይህን የምጽፈው ወደዚያ ሄደው ለማያውቁና ምናልባትም ለማይሄዱ ሰዎች ነው። አንድ ጥፋቴንም በዚያው ልናዘዝ።

ጥፋቴ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የነዳጅና የዘይት ናሙና እመረምራለሁ። ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ፍኖተ ሰላም ኬሚስትሪ ከሚያስተምር ልየው ከሚባል መምህር አንድ ጠርሙስ ጥቁር ዘይት ከደብዳቤ ጋር ደረሰኝ። ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ከሽንዲ አካባቢ ገደል ያመጣውን የድንጋይ ከሰል በሸክላ ዕቃ አፍኖ እያነደደ፣ የሚወጣውን ጭስ አቀዝቅዞ ያጠራቀመው ፈሳሽ ነዳጅ ነው። ተማሪዎቹ ለሳይንስ ውድድር ሊያቀርቡት ስለሆነ በውስጡ ምን ምን ውሕድ እንዳለ ይመርመርልን ይላል ደብዳቤው።

እኔም ፈሳሹን አንድ በአንድ ለያይቶ በወረቀት ላይ ጉብታ ጉብታ አድርጎ ለሚስለው ማሽናችን ሰጠሁት። ከከሰል ዘይት የሚጠበቁት፣ እንደ ሆስፒታል ወለል የሚሸቱት ፌኖሎች በቦታቸው አሉ። በመካከላቸው ግን ጓያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉ ሁለት ውሕዶች እንደ ተራራ ቆመዋል። እነዚህ ሁለቱ እንጨት ሲጨስ የሚወጡ ናቸው። የድንጋይ ከሰል ድሮ ድሮ እንጨት የነበረ ቢሆንም የዘመን ብዛት እነሱን ከውስጡ አጥፍቷቸዋል፤ ቢተርፉም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ «ናሙናው የእንጨት ዝፍት የተጨመረበት በመሆኑ የድንጋይ ከሰል ዘይት ነው ሊባል አይችልም» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁና ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነበር። ተማሪዎቹ «አጭበርባሪ» ተብለው ከውድድሩ ወጥተዋል፣ መምህሩም በመጪው ዓርብ በትምህርት ቤቱ ግምገማ ላይ ስለ ማታለል መልስ እንዲሰጥ ተጠርቷል። የመጨረሻው መስመር «እንጨት አልጨመርኩም። ይምጡና ይዩ» ይላል። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። እኔ በማሽን ያረጋገጥኩትን ነገር አንድ የክፍለ አገር መምህር ነይና እዪ ይለኛል? የክፍላችን ኃላፊ ግን «ከሰሉንም በዚያው አይተሽው ነይ» አለኝና ባዶ ጠርሙሶቼን በካርቶን አሽጌ ተነሣሁ።

ሰኞ

ከአውቶቡስ ተራ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ካርቶኔን ጣሪያ ላይ ይጫን ሲሉኝ እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ቄስ «ምን ይዘሻል ልጄ?» አሉኝ። «ባዶ ጠርሙስ» ብላቸው ካርቶኑን አዩና «ባዶውን እንዲህ ያቀፍሽው ቢሞላማ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ አውቶቡሱ በኔ ሳቀ።

የዓባይን በረሃ ወርደን ስንወጣ ግንባሬን ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ደፋሁ። እኔ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ የሚወስደው ቁልቁለት ቁልቁለት የሚመስለኝ ሰው ነኝ። ቄሱ የሎሚ ቅጠል ከኪሳቸው አውጥተው እንዳሸት ሰጡኝ። ከደጀን በኋላ መንገዱ ጠጠር ሆነ፤ ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ከአቧራው የተነሣ ሁላችንም አንድ ዘመድ መስለን ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል ለፊት መታጠቢያ አንድ ጆግ ውኃ ሰጠኝ። አዲስ አበባም የቧንቧችን ውኃ ከጠፋ ሳምንት ሆኖት ስለነበር ይህስ እንደ ቤቴ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ማክሰኞ

ደምበጫ ላይ ቁርስ ቆመን ፍኖተ ሰላም የገባነው ከቀትር በፊት ነው። ከተማው ከአዲስ አበባ ይሞቃል፤ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩ። እኛ ሰፈር በነጠላ የሚሸጠው ማንጎ እዚህ በየግቢው በዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ባለቤት ያጣ ይመስላል።

መምህር ልየው መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሊጣላኝ የተዘጋጀ ሰው ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ካርቶኔን ከእጄ ተቀብሎ ሁለት እርምጃ ከኋላዬ የሚራመድ ሰው ነው። ስለ ሪፖርቱ አንድ ቃል አላነሣም። ይህ ከስድብ ይብሳል።

ሆቴል ልያዝ ብል «አከራዬ እኛ ቤት ካላረፈች አይሆንም ብለዋል» አለኝ። አከራዩ እትዬ አንጓች ይባላሉ፤ አረቄና ጠላ የሚያወጡ፣ ድምፃቸው ከግቢያቸው የሚሰፋ ሴት ናቸው። ልየው ለሙከራው የተጠቀመበትን የሸክላ ዕቃ ያዋሱት እሳቸው ናቸው።

«እርስዎ ነዎት ልጄን ዋሾ ያሉት?» አሉኝ ገና ከበር።

«እትዬ፣ ዋሾ አላልኩም፤ ማሽኑ…»

«ይግቡ፣ ይግቡ። ተርቦ የመጣ ሰው አይጣሉትም። ተበሉ በኋላ እንጣላለን።»

በዶሮ ወጥ ተጣሉኝ። ሦስት ጊዜ በቃኝ አልኩ፣ ሦስት ጊዜ «አፈር ስሆን» ተብዬ ጎረስኩ። ከዚያ በኋላ ለመጣላት ሁለታችንም አቅም አልነበረንም።

ረቡዕ

በማለዳ ወደ ቡሬ ወጣን፤ ከዚያ በርበሬ ጭኖ ሊመለስ በሚሄድ ባዶ አይሱዙ ወደ ሽንዲ። ባዶ ነው ይባል እንጂ የትናንቱ በርበሬ ብናኝ ወለሉ ላይ ነበርና ሽንዲ የደረስነው በእንባ ታጥበን ነው። ልየው በኪሱ ያለችውን አንዲት መሐረብ ለኔ ሰጥቶ እሱ በሸሚዙ እጅጌ አለቀሰ።

ከሽንዲ ወደ ገደሉ በበቅሎ ነው። በቅሎዋ የአያ ቢተው ናት፤ አያ ቢተው ከሰሉ የተገኘበት ማሳ ባለቤት ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። እኔ በሕይወቴ የተቀመጥኩበት ከፍተኛው ነገር የላቦራቶሪ በርጩማ ነው። ጅረቱ ጋ ስንደርስ በቅሎዋ ውኃ መሐል ቆም ብላ አሰበችና በቀስታ ተኛች። ጫማዬና ቀሚሴ በጅረቱ ራሱ፤ ጠርሙሶቹን ግን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ይዣቸው ነበር።

«ዛሬ እሷም ጾመኛ ናት፣ ደክሟት ነው» አሉ አያ ቢተው ሳይስቁ።

ጥቁሩ ድንጋይ እንዴት እንደተገኘ ሲያወሩ ግን ራሳቸውም ሳቁ። ማሳውን ሲያቃጥሉ እሳቱ ገደሉ ሥር ገብቶ ድንጋዩ ሦስት ቀን ጨሰ። ሰይጣን ነው ተባለና የአጥቢያው ቄስ ተጠርተው ጠበል ረጩበት። ይጠፋ መስሎ እንደገና ጨሰ። ቄሱም ጎንበስ ብለው አሸተቱና፣ «ይህ ሰይጣን አይዶለም፤ ማገዶ ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ገደሉን ለካሁ። የከሰሉ ንብርብር ከክንዴ አይወፍርም፤ ወደ ውስጥም እየሳሳ ይሄዳል። አያ ቢተው ከአጠገቤ ሳይርቁ ቆዩና ቀስ ብለው፣ «አስፋልት ይመጣልን ይሆን?» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወይስ መሬቴን ይወስዱብኛል?» አሉ። ለሁለቱም የሚበቃ ከሰል እንደሌለ ነገርኳቸው። ዘንጋቸውን ተደግፈው አሰቡና፣ «እንግዲያው ለልጆቹ መማሪያ ይሁን፤ ይህም ትልቅ ነው» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ዕፎይታ እንጂ ሐዘን አልነበረም።

አዲስ አበባ እኔ ጾምኩ ስል ሥጋ አልበላሁም ማለቴ ነው። እዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። አያ ቢተው «እንግዳ ይፈታል» ቢሉኝም አፍሬ «ለምጃለሁ» ብዬ ዋሸሁ፤ ሆዴ ግን በሁሉም ፊት አጋለጠኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባለቤታቸው ያቀረቡት ስልጆና የባቄላ ንፍሮ እስካሁን አፌ ላይ አለ። ልየው ዘይቱን በፊቴ እንደገና እንዲያወጣው ከሰሉን ራሴ ቆፍሬ፣ ራሴ ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ በራሴ ቋጠሮ አሰርኩት። ልየው ቋጠሮዬን አየና በቅሎዋን ሊያመጣ ሄደ። ያን ምሽት ፍኖተ ሰላም ተመልሰን ስተኛ ጆንያውን ትራስጌ አደረግሁት። እንጨት የሚጨምር ሰው ካለ በራሴ ላይ ያልፋል ብዬ ነው። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ አንገቴም ለሁለት ቀን አልታጠፈም።

ሐሙስ

በጠዋት የቀሰቀሰኝ ሽታ ነው። ዓይኔን ሳልገልጥ በፊት የት እንደማውቀው አወቅሁ። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ከውጭ አገር ታዝዘው የመጡ ሁለት ትናንሽ ብልቃጦች አሉ፤ አንዱ ጓያኮል፣ አንዱ ሲሪንጎል ይላል። ክዳናቸው ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ይህ ነው። ያዝኩት አልኩ በልቤ። ጆንያዬን ዳበስኩ፤ ቋጠሮዬ እንዳለ ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

እትዬ አንጓች ጓሮ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ፍም፣ ፍሙ ላይ የወይራ ፍላጭ፣ ከወይራው ጭስ በላይ አንድ ገንቦ በአፉ ተደፍቷል። አጠገባቸው ገንቦው የታሸበት የግራዋ ቅጠል ተከምሯል።

«እንደምን አደሩ እትዬ። ምን እየሠሩ ነው?»

«ገንቦ እያጠብኩ ነዋ። ልየው ዛሬ ዘይት ማጠራቀሚያ ይፈልጋል አላላችሁም?»

«ጭሱስ?»

«ጭሱ ምን ሆነ? ታልታጠነ ምኑን ታጠበ?»

«ባለፈው የሰጡትንም እንዲህ አጥነው ነው?»

«ኧረ እንዴታ! ሁልጊዜ ነው። ያልታጠነ ዕቃ ተዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅ።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልየውን ጠራሁት፤ መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ መጣ። ገንቦውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ እንደገና ገንቦውን አየ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። በመጀመሪያው ደብዳቤው አሠራሩን በዝርዝር ጽፎልኝ ነበር፤ አረቄ የሚወርድበት መቃ በእሳቱ ስለሚቃጠል ከጋራዥ የብረት ቧንቧ እንደተጠቀመ እንኳ አልረሳም። ስለ ማጠራቀሚያው ግን የጻፈው «ዕቃው በሚገባ ታጥቧል» ብቻ ነው።

«ታጥቧል እኮ» አለ ልየው በቀስታ። «ይህን እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም። በእናቴም ቤት እንዲሁ ነው።»

በእኔም እናት ቤት እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ጉለሌ፣ ለበዓል የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን እያየሁ ነው ያደግኩት። ጭሱ ዓይኔ ገብቶ ስንት ጊዜ ከጓዳ ተባርሬያለሁ። በማሽን ወረቀት ላይ ሲመጣብኝ ግን አላወቅሁትም፤ ሐሰት ነው ብዬ ፈረምኩበት። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱ ስሜት አብረው ሲመጡ ምን እንደሚባል አላውቅም። ልየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የቀረው ያልታጠነ ገንቦ ማግኘት ነበር፤ የጉዞው ከባዱ ሥራ ይህ ሆነ። እትዬ አንጓች በጭራሽ አሉ። «ያልታጠነ ዕቃ ለእንግዳ ሰጠች ተብሎ ደምበጫ ድረስ ይወራል፤ ነገ ጠላዬን ማን ይጠጣልኛል?» ልየው ለመናቸው፣ እኔ ለመንኩ። ለልየው ስም ነው ስላቸው ተነሡ። በመጨረሻ ገና ታጥኖ የማያውቅ አዲስ ገንቦ ከጓዳ አወጡ። በፈላ ውኃ ብቻ አጠቡትና ለጎረቤት እንዳይታይ አፉን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡት።

ከሰሉን ሁለት ጊዜ አነደድን፤ አንዱን ወደ ታጠነው፣ ሌላውን ወደ አዲሱ ገንቦ። መጋጠሚያውን በጭቃ የመረጉት እትዬ አንጓች ናቸው፤ የኛ ምርግ ጭስ ያስወጣል ብለው አፈረሱት። ዘይቱ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ «የፊቱን ለብቻ ያዙት፣ የመጨረሻውንም ለብቻ፤ ደኅናው የመሐሉ ነው» አሉን። እኛ በትምህርት ቤት በዓመታት የተማርነውን እሳቸው ከአረቄ ያውቁታል። በመጨረሻም ከሰል ነክቶት የማያውቅ አንድ የታጠነ ገንቦ በራሳቸው ብርቱ አረቄ አለቅልቄ ዕጣቢውን በሦስተኛ ጠርሙስ ያዝኩ። ጭሱ ብቻውን ምን እንደሚመስል ማሽኑ እንዲነግረኝ ነው።

«ወይ አረቄዬ!» አሉ፤ ግን ለእያንዳንዳችን ደግሞ አንድ አንድ ብርጭቆ ቀዱልን።

ዓርብ

ግምገማው በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ መምህራኑ የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ልየው ከፊት ለብቻው። በእንግድነት ልናገር ጠየቅሁና ተፈቀደልኝ። በቦርሳዬ ያሉትን ጠርሙሶች አሽትቼ ነበር። ከአዲሱ ገንቦ የወጣው የሆስፒታል ወለል ብቻ ይሸታል፤ ወይራ የለበትም። በአፍንጫ ግን አይፈረምም፤ አንዴ ያለ ጥያቄ ፈርሜ ያመጣሁትን አይቻለሁ።

ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ተናገርኩ። ዕቃው በወይራ መታጠኑን፣ እንዴት እንደታጠበ ሳልጠይቅ መፈረሜን። የዘይቱ ምርመራ እስኪያልቅ ድረስም የመጀመሪያው ሪፖርት እንዳልተጻፈ እንዲቆጠርልኝ ጠየቅሁ።

ሰብሳቢው ምክትል ርዕሰ መምህር እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «ታዲያ ማሽኑ መጀመሪያም ተናግሮ አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

«ተናግሯል» አልኩ። «ማሽኑ ያለው ጭስ አለበት ነው። ውሸት አለበት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩ ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ። ስንወጣ ልየው ከኋላዬ ሳይሆን ከጎኔ ተራመደ፤ ይህን ልብ ያልኩት ቤት ከደረስን በኋላ ነው።

ቅዳሜና እሑድ

እትዬ አንጓች ድፎ ዳቦ፣ ማር፣ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ጡጫ የምታክል አንዲት ትንሽ ማሰሮ ከነክዳኗ አስያዙኝ። ማሰሮዋን ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ «ኋላ ይገባዎታል» ብቻ። ባዶ ይዤ መጥቼ ሞልቼ ተመለስኩ፤ ያን ቄስ ባገኛቸው ብዬ ተመኘሁ። ኬላ ላይ አንድ ፈታሽ ጠርሙሶቼን አይቶ «የጎጃም አረቄ» አለና ሳላስጠነቅቀው አንዱን ከፍቶ በረጅሙ አሸተተ። ከዚያ በኋላ የማንንም ዕቃ ሳይፈትሽ አውቶቡሱን አሳለፈው። ደብረ ማርቆስ አድረን እሑድ ማታ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ሦስቱን ጠርሙሶች ለማሽኑ ሰጥቼ ከአጠገቡ አልተነሣሁም። ከታጠነው ገንቦ የመጣው ዘይት ሁለቱን ተራሮች እንደገና አቆመ። የአረቄ ዕጣቢው ከራሱ ከአረቄው በቀር በዋናነት እነዚያኑ ሁለት ተራሮች አወጣ። ያልታጠነው ገንቦ ዘይት ግን ሌላውን ሁሉ እንደያዘ፣ ተራሮቹ ባሉበት ቦታ ሜዳ ሆነ። መምህር ልየው ከመጀመሪያው ጀምሮ የድንጋይ ከሰል ዘይት ነበር የላከልኝ።

ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤቱ ስልክ ያለው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። ክፍል እያስተማረ ነውና ይጠራልሽ አሉኝ፤ መስመሩን ይዤ ጠበቅሁ። መጣና ነገርኩት። 

«ደብዳቤው ዛሬ ይወጣል» አልኩት። «ከመጀመሪያው ሪፖርት ይልቅ በትልቁ ፈርሜበታለሁ።»

«ለተማሪዎቹ አሁን ልነግራቸው እችላለሁ?»

«አሁኑኑ።»

ስልኩን ሊዘጋ ሲል አስታወሰና የእትዬ አንጓችን መልእክት ነገረኝ። ከሄድኩ ጀምሮ ስለኛ ላቦራቶሪ ሲጨነቁ ሰንብተዋል። ያን ሁሉ ነገር የምንመረምረው ባልታጠነ ዕቃ መሆኑን ከሰሙ ወዲህ አዝነውልናል፤ ማሰሮዋን በወይራ አጥነው የሰጡኝ ቢያንስ አንድ ንጹሕ ዕቃ ይኑራቸው ብለው ነው።

ማሰሮዋ አሁን መደርደሪያዬ ላይ በመስታወት ዕቃዎቹ መሐል ተቀምጣለች። ናሙና አይገባባትም። ሪፖርት ልፈርም እስክሪብቶ ሳነሣ ግን ክዳኗን ከፍቼ አንዴ አሸታታለሁ፤ ከዚያ ናሙናውን ለላከው ሰው ስልክ እደውላለሁ።